ለጋሽ ሽብሩ ያልነገርኳቸው የሐይቁ ነገር

ጋሽ ሽብሩ ደበሌ መጋቢት ሲጀምር፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሪችፊልድ ባለው ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እጃቸውን ይዘዋቸው ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ሲሆን ሐይቆቹ ገና በረዷቸውን አልለቀቁም ነበር።

ለአርባ ቀናቸው መታሰቢያ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ቤተሰቡ ሲጠይቀኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ። እኔ ከድር ነኝ። ፍሪድሊ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ በሚገጣጥም ፋብሪካ እሠራለሁ። ዘመዳቸው አይደለሁም፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰውም አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ «ያ ከሽብሩ ጋር ዓሣ የሚያጠምደው ልጅ» እያላችሁ ነው። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ግን ይሁን፤ እሳቸውም እንደዚያው ነበር የሚያዩኝ። እምቢ ያልኩት ስለ እሳቸው እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ስለ ራሴም መጻፍ ግድ ስለሚሆንብኝ ነው።

በለቅሶው ላይ አንድ ጥያቄ ከወንበር ወደ ወንበር ሲዞር ሰምቻለሁ። ጋሽ ሽብሩ ዳያሊሲሱን፣ የኩላሊት እጥበቱን፣ ለምን አቋረጡ? አንዳንዱ ተስፋ ቆርጠው ነው አለ። አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከዚህ የከፋ ነገር አለ፤ ቃሉን እዚህ አልደግመውም። መልሱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፣ እትዬ አስካለና እኔ። እሳቸውን አስፈቅጄ ነው የምነግራችሁ።

የተዋወቅነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ የግንቦት ጠዋት ነው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በኩል ከመንገድ የማይታይ አንድ ትንሽ ሐይቅ አለ። ስሙን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛልና አልጽፈውም። እዚያ ከእንጨት በተሠራው መቆሚያ ላይ ሆኜ፣ በዋዜማው የገዛሁትን የማጥመጃ ዘንግ ይዤ፣ ክሩ ላይ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ድንገት ስትሰምጥብኝ ባለኝ ኃይል ሁሉ ጎተትኩ። መንጠቆው ባዶውን መጣ፤ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል የዓሣ ከንፈር ተሰክታለች። ትንሽ ቀደም ብሎ ስልክ ላይ በአማርኛ ሳወራ የሰሙኝ ሽማግሌ ከኋላዬ በእርጋታ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አሉኝ።

ቀጥለውም «የክራፒ አፍ ወረቀት ነው። አንሣው እንጂ አትጎትተው» አሉኝና የማጥመድ ፈቃድ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። የዘንጌን ክር ጠቅልዬ፣ መኪናዬን አስነሥቼ፣ ፈቃድ ገዝቼ እንድመጣ አዘዙኝ፤ ቦታዬን እንደሚጠብቁልኝም ነገሩኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት ተኩል በኋላ ስመለስ የራሳቸውን ቦርሳ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ለመጣው ሰው ሁሉ «ሰው አለበት» እያሉ አገኘኋቸው።

ለማታውቁት፣ ክራፒ መዳፍ የሚሞላ፣ ብርማ ቆዳው ላይ ጥቁር የተረጨበት ዓሣ ነው። ጋሽ ሽብሩ ዓመቱን የሚቆጥሩት በእሱ ነበር። በፀደይ ውሃው ሲሞቅ ክራፒ ወደ ዳር፣ ወደ ቄጠማው ይጠጋል። ወንዱ ያን ጊዜ ይጠቁርና እንቁላሉን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ሲያዝላቸው አይወስዱም። «አባት ነው፣ ሥራ ላይ ነው» ብለው እጃቸውን ውሃ ውስጥ አስገብተው ይለቁታል። በበጋ ዓሣው ከሣሩ ጠርዝ ወርዶ ጥላ ይፈልጋል፤ እኛም ገና ጎህ ሲቀድ ደርሰን፣ ፀሐይ ስትበረታ እንመለሳለን። በመከር ወደ ጥልቁ ሰብሰብ ይላል፤ አንድ ቦታ ሞልቶ፣ አሥር እርምጃ አለፍ ሲሉ አንድም የለም። በክረምት ደግሞ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተን፣ ቀዳዳው ላይ ባልዲ ገልብጠን እንቀመጣለን። እኔ በቶሎ እናደዳለሁ። ባዶ ሰዓት ሲረዝምብኝ «ዛሬ ዓሣ የለም» እላለሁ። እሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው መልሳቸው።

«ዓሣ አልተገኘም አይባልም። ቦታውን አላገኘንም ነው የሚባለው።»

ብለውም ይነሡና ሌላ ቀዳዳ ይበሳሉ። አንድ ቅዳሜ አሥራ ሰባት ቀዳዳ ቆጥሬባቸዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ አገኟቸው። ትሉን ከዓሣው በታች ሳወርድ ሲያዩ ደግሞ ይቆጣሉ። «ክራፒ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ከበላዩ አቁምለትና ተወው፤ እሱ ይመጣል» ይሉኛል። ሕጉ ከሚፈቅደውም ሦስት አጉድለው፣ ሰባት ላይ ያቆማሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ሰባት ለሁለት ቤት ይበቃል አሉኝ። ሁለተኛው ቤት የኔ ነበር።

አስቂኝ ነገርም ነበረን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የእሳቸው ዐቢይ ጾምና የእኔ ረመዳን እየተገጣጠሙ መጡ፤ በረዶው ሊለቅ ሲል ክራፒ ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ የሚበላው በዚያው ሰሞን ነው። እሳቸው ዓሣ አይቀምሱም፣ እኔ ጭራሽ ውሃም አልቀምስ። ሁለት ጾመኞች ብርድ ላይ ተቀምጠን የማንበላውን ስናሳድድ እንውላለን። እንዳያስርበን ስለ ምግብ ማውራት ይከለክሉኝ ነበር። የተያዘው ሁሉ ለእኔ ማፍጠሪያ ይሆናል፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ የምታነሣው ነው።

ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ባመላለሱበት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነታቸው ታውቋቸዋላችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድተዋል። ልጆቹ «ሚስተር ሺ» ይሏቸው ነበር። ከወንበራቸው ኋላ አንድ የጓንት ካርቶን ነበራቸው፤ ገና ከውጭ የመጣ ልጅ ባዶ እጁን ሲሳፈር ምንም ሳይናገሩ ካርቶኑን ይገፉለታል። ልጁ ጓንቱን መልሶ ሲያመጣላቸው ደግሞ የእኔ አይደለም ብለው ይክዱታል። በለቅሶው ላይ ጢም ያወጣ ወጣት ይህንኑ እየነገረኝ አለቀሰ።

ስለ ትውልድ ቦታቸው ስለ ዝዋይ ብዙ አያወሩም። አባታቸው ሐይቁ ላይ መረብ ይጥሉ እንደነበር፣ በልጅነታቸው ጠዋትም ማታም ቆሮሶ በልተው እንዳደጉ ነግረውኛል። ቆሮሶ የዝዋይ ዓሣ ነው። እሳቸው ግን አይወዱትም ነበር። «ጭቃ ጭቃ ይለኛል። ዓይኔን ሸፍነህ ብታጎርሰኝ እለየዋለሁ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰምቼም አልሰማሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊታቸው ሥራውን አቆመ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ መተኛት ተጀመረ። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሌላ ኩላሊት ሊደረግላቸው እንደማይችል ተነገራቸው። ከማሽኑ ሲመለሱ ጫማቸውን ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖራቸውም። ባለፈው ታኅሣሥ በቃኝ አሉ። ልጃቸው ሜሮን ከቺካጎ ስልክ ላይ «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ኖት የት፣ ገና ነው» እያለች አለቀሰች። እትዬ አስካለ ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። «ከድርዬ፣ አንተን ይሰማሃል። ሂድና አንድ ነገር በለው» አሉኝ።

ሄድኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ለግንቦት ብቻዬን ሊተዉኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የልብሳቸውን ቁልፍ ሲነካኩ ቆዩ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «በረዶው እስኪለቅ እቆይልሃለሁ። ውሃው ሲከፈት አንድ ጠዋት ወስደህ ወንበሬ ላይ ታስቀምጠኛለህ። ሌላ ሐይቅ አይደለም፣ የእኛ ሐይቅ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም እንዳይለምነኝ።»

ቃል ገባሁ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መርፌ ሥር የተኙት ለአንድ ጠዋት ብለው ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ገና ሳልቀመጥ የሚጠይቁኝ ስለ ስኖው ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ከላይ የሚወርደውን ስኖው፣ የረጋውን በረዶ እያልን ነው የምንለየው። በረዶ ዓሣን አይጎዳም፤ ስኖው በረዶው ላይ ሲከመር ግን ብርሃን አይገባም፣ ሥር ያለው ሣር ይሞታል፣ ውሃው አየር ያጣል። የእኛ ሐይቅ ጥልቀት የለውም። ስኖው ያነሰባቸው ዓመታት ተከታትለው ስለመጡ ነው የኖረልን። ዘንድሮ ግን ገና በኅዳር ወርዶ ሳይነሣ ቀረ፤ በላዩም ሌላ፣ በላዩም ሌላ። ጋሽ ሽብሩ በመስኮት ማየት አይችሉም ነበር እንዴ? ይችሉ ነበር። እኔ ግን «ሐይቁ ላይ ነፋሱ ጠርጎታል» እያልኩ አጽናናቸው ነበር። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው።

በየካቲት አጋማሽ፣ የእኔ ጾም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ስኖው እስከ ጉልበቴ ነበር። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስበሳ ውሃው እንደ ተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ። ዓሣ የሚያሳየውን ስክሪን አወረድኩ፤ ምንም የለም። ሁለተኛው ምንም፣ ሦስተኛው ምንም። አራተኛውን እንደበሳሁ ሁለት ክራፒዎች አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ መጡ። አየር ፈልገው ነው የመጡት። አንዱን በእጄ አነሣሁት፣ አልተወራጨም። መልሼ ከተትኩት፤ በጎኑ ተኛ። ባልዲዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለዓሣው ነው ወይስ ለእሳቸው፣ አላውቅም።

እዚህ ላይ ልንገራቸው እችል ነበር። ምናልባት «ሌላ ሐይቅ አለ፣ ቦታውን እንፈልጋለን» ይሉኝ ነበር። ምናልባትም በዚያው ቀን በቃኝ ይሉ ነበር። ያንን መወሰን የእሳቸው ፈንታ ነበር። እኔ ወሰንኩላቸው። በቀጣዩ ሐሙስ ስንት ያዝክ ሲሉኝ ሰባት አልኩ።

ፊታቸው በራ። ሰባቱን ብቻህን በላሃቸው ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያም ለሚቀጥለው ሐሙስ ይዤላቸው እንድመጣ ጠየቁኝ። የንስሐ አባታቸው ለሕመምተኛ ጾም የለም ብለው አሰናብተዋቸው ነበር።

ሌላ ሐይቅ ሄጄ ክራፒ ማጥመድ እችል ነበር። ሞክሬያለሁም፤ እሑድ ሙሉ ቀን ሌላ ሐይቅ ላይ ውዬ አንድም ሳልይዝ ተመለስኩ። ሌሎቹን ቀናት ሥራ ነበርኩ። ክራፒ ደግሞ በሱቅ አይሸጥም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ስነዳ መንገድ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ገበያ ገባሁና ራሱም ጅራቱም የሌለው፣ ነጭ፣ ስስ፣ ክራፒን የሚመስል የታሸገ የዓሣ ሥጋ መርጬ ገዛሁ። መኪናዬ ውስጥ ከማሸጊያው አውጥቼ ሁልጊዜ በምንጠቀምበት ከረጢት ከተትኩት። ምን ዓሣ እንደሆነ አላሰብኩም። ነጭነቱን ብቻ ነው ያየሁት።

እትዬ አስካለ ጨው ሳያደርጉ፣ ዱቄት ነስንሰው፣ ሎሚ ጨምቀው ጠበሱት። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፣ አልቀመሱትም። እኔም አላፈጠርኩም፣ አልቀመስኩትም። በዚያ ቤት ዓሣውን የቀመሱት ጋሽ ሽብሩ ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ቀስ ብለው አላመጡ። ቆም አሉ። ሰሃኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የት ጋ አገኘሃቸው?» አሉኝ።

ከሞተው ዛፍ በስተቀኝ መሆኑን፣ ከታች ሳይሆን ከበላያቸው እንዳቆምኩላቸው፣ እንዳስተማሩኝ አንሥቼ እንጂ ጎትቼ እንዳልያዝኩ ተረኩላቸው። አንድ ሳይቀር ሰሙኝ። «ጎበዝ» አሉኝ። ሰሃኑን ጨርሰው በሉ። ምግብ ከዘጋቸው ወራት አልፎ ነበርና እትዬ አስካለ ደስ ብሏቸው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ኮርቼ ነው ከዚያ ቤት የወጣሁት።

በማግስቱ ዓርብ ማሽኑ ላይ ተኙ። ሰኞ መኪናው ሊወስዳቸው ሲመጣ አልሄድም አሉ። ሐኪማቸው ደወለ፣ ሜሮን ከቺካጎ በረረች፣ ቄሱ መጡ። ለሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ደክሞኛል። እኔ ግንቦትን አስታወስኳቸው። ፈገግ ብለው እጄን ያዙኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚያ እሄዳለሁ። እትዬ አስካለ ለማፍጠሪያዬ ተምር በሰሃን አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ጋሽ ሽብሩ ዓይናቸውን ጨፍነው «ዛሬስ?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ። በረዶው ላይ እግሬን እንዳላሳረፍኩ አያውቁም ብዬ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ኳሷ አሰማመጥ እፈጥራለሁ። በየቀኑ ሰባት እይዝላቸዋለሁ። አንዳንዴ የረሳሁትን ጠይቀው ያስሞሉኛል፤ ውሃው ጥራቱ እንዴት ነው፣ ትልልቆቹ ከታች ናቸው ከላይ። እሑድ ዕለት ድምፃቸው በጣም ደክሞ ነበር። ትናንሾቹን መልሼ እንደለቀቅኩ ስነግራቸው «ስትለቃቸው ቀስ ብለህ» አሉኝ። ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ማክሰኞ ዐረፉ።

ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ለብቻዬ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ልብሳቸውን ሲያጣጥፉ ነበር። ቀና ሳይሉ ነገሩኝ።

«ያን ሐሙስ አንተ እንደወጣህ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹አስካለ፣ ዛሬ ከድር ቆሮሶ አበላኝ› አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እዚህ አገር ቆሮሶ ከየት ይመጣል አልኩት። ‹ሐይቁ ሞቷል ማለት ነው፣ ሊነግረኝ ፈርቶ ነው› አለኝ። ከዚያ ደግሞ ‹እንዳትነግሪው፣ ልጁ ያፍራል› አለኝ።»

ጓዳው ውስጥ ወንበር አልነበረም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አያችሁ፣ እዚህ ቲላፒያ እያሉ የሚሸጡት ዓሣ ቆሮሶው ራሱ ነው፤ በሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተደረደረው ዓሣ ሁሉ መርጬ ያመጣሁላቸው በዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚያውቁትን ዓሣ ነው። ከዚያ ሐሙስ በኋላ የነገርኳቸውን ሁሉ ውሸት መሆኑን እያወቁ ነው የሰሙኝ። «ዛሬስ?» ሲሉኝ የነበረው ለእሳቸው አልነበረም፣ ለእኔ ነበር። እኔ የማጽናናቸው ሲመስለኝ እሳቸው ናቸው ሲያጽናኑኝ የከረሙት።

ስለዚህ ተስፋ ቆረጡ የምትሉ ወገኖቼ፣ ጋሽ ሽብሩ ለአንድ ጠዋት ብለው ሁለት ወር ተኩል ያንን መርፌ ችለዋል። ቃላቸውን ጠብቀዋል። የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ያውም በሰሃን። ቀድሜ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። እትዬ አስካለ ራሴን እንዳልወቅስ ይነግሩኛል። ሜሮንም አቅፋኝ «ኢትስ ኦኬ፣ ከድር» ብላኛለች። ኦኬ አይደለም። ደግነታቸውን አልረሳም፣ ግን አላቀለለልኝም።

በረዶው የለቀቀው ከቀብራቸው ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ተጣጣፊ ወንበራቸው እስከዚያ ቀን መኪናዬ ኋላ ነበር፤ ይዤው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዳር ዳሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ክራፒዎቹ ናቸው። ትልልቆቹም፣ ትንንሾቹም፣ ቀስ ብለን የለቀቅናቸውም። ወፎቹ እንኳ ጠግበው ሄደዋል። ወንበሩን ሳልዘረጋ ይዤው ተመለስኩ። ከዓመታት በኋላ ዓሣ ይጨመርበትና ሐይቁ ያገግማል የሚሉ አሉ፤ ይሆን ይሆናል። እኔ ዘንጎቹን ሰቅያለሁ፤ የዘንድሮውን ፈቃድም አላወጣሁም።

ጋሽ ሽብሩ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ወንበርዎን ለእትዬ አስካለ መልሼ ሰጥቻለሁ። መሰርሰሪያው እኔ ጋ ነው፤ የሚፈልገው ሰው የለም። እንዳላፍር ብለው ዝም አሉ፤ እኔ ግን ይኸው በእርስዎ ሰዎች ሁሉ ፊት አፍሬ ቆሜያለሁ፣ ይገባኛልም። በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ ሲገባኝ ያልነገርኩዎትን አሁን ልንገርዎ። ሐይቁ ሞቷል። በየካቲት ነው የሞተው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባት አልያዝኩም፣ አንድም አልያዝኩም። ዓሣ አልተገኘም አይባልም ብለው ዘጠኝ ዓመት ተቆጥተውኛል፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ስንበሳ ቃልዎን አክብሬ ኖሬያለሁ። ዛሬ ይቆጡኝ። ቦታውን አግኝቼ፣ እዚያው ቆሜ አይቼ ነው የምነግርዎ፣ ጋሽ ሽብሩ። አልተገኘም።